የእናቶች ጽዋ ማኅበር

ጽዋ ማኅበር በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ የቆየ የኅብረት ሥርዓት ነው። አባላቱ በወር አንድ ቀን፣ በእመቤታችን ወይም በአንድ ጻድቅ፣ ሰማዕት ወይም መልአክ ስም ይሰበሰባሉ። የወንዶች ብቻ የሆነ አለ። ባልና ሚስት አብረው የሚገቡበትም አለ። እዚህ የምናወራው ስለ ሴቶቹ ነው። በአማርኛ ማኅበር «ይጠጣል»። «እናቴ የማርያም ማኅበር ትጠጣለች» ከተባለ አባል ናት ማለት ነው። አባሏ ደግሞ ማኅበርተኛ ትባላለች።

ከሰንበቴ ጋር የሚያምታቱት አሉ። ሰንበቴ እሁድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የሚወጣ ነው። ጽዋ ማኅበር ግን ከቤት ቤት ይዞራል። ዕድር ለቀብርና ለልቅሶ ነው፤ ዕቁብ ለገንዘብ። ማኅበር መነሻው ጸሎትና ዝክር ነው።

ቀኑ የሚታወቀው ከስሙ ነው። ልደታ በ1፣ ሚካኤል በ12፣ ኪዳነ ምሕረት በ16፣ ገብርኤል በ19፣ መድኃኔዓለም በ27 ይውላሉ። በሴቶች ዘንድ 21 የማርያም ቀን የተለየ ቦታ አለው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት) 33ቱ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ ማዘዛቸው ይታወቃል። የሴቶቹን ፍቅር ለመረዳት ግን ወደ ምጥ ቤት መሄድ ይሻላል። አንዲት ሴት ምጥ ሲይዛት የከበቧት ሴቶች «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይለምናሉ። በሰላም ስትገላገል የሚጠይቃት ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ያን ቀን የተጠራ ስም በየወሩ 21 ይመለሳል።

የተራዋ ባለቤት ዝግጅት የሚጀምረው ከቀኑ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ጌሾና ብቅል ይገዛል፤ ጠላ ይጠነሰሳል። ዋዜማው ላይ ድፎ ዳቦ ይደፋል። ንፍሮ ወይም ቆሎ ይቀርባል፤ ቤቱ ይጠረጋል፤ ቡናው ይፈላል። ማኅበርተኞቹ ነጠላቸውን ለብሰው ይመጣሉ። ጧፍ ይበራል። ጽዋው በጨርቅ ተሸፍኖ ከሥዕሉ አጠገብ ይቀመጣል። ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፤ ዳቦውን ባርኮ ይቆርሳል። ከዚያ ጠበል ጠዲቁ ይታደላል፤ ጠላው ይቀዳል። ወሬው፣ ሳቁ፣ የልጅ ነገር፣ የጤና ነገር የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው።

ማኅበሩን የምትመራው ሴት ብዙ ቦታ «ሙሴ» ትባላለች። በስሙ ውስጥ ሕዝብ የመምራት ነገር አለበት። የቀረውን፣ የታመመውን፣ ተራ የሚቀያየረውን የምታውቀው እሷ ናት። ሳታሳውቅ የቀረች አባል ቅጣት ልትከፍል ትችላለች። መጨረሻ ላይ ጽዋው ለቀጣዩ ወር ባለ ተራ ይሰጣል። ተረካቢዋ ተነሥታ በአክብሮት ትቀበላለች፤ እልልታው ይቀልጣል። «ዝክርሽን ይቀበልልሽ»፣ «ለከርሞ ያድርስሽ» እየተባባሉ ይለያያሉ። ለዚህ ሁሉ የሚጠቀሰው ቃል በማቴዎስ ወንጌል 10፥42 ያለው ነው፤ ከታናናሾቹ ለአንዱ ቀዝቃዛ ውኃ በጽዋ ያጠጣ ዋጋው እንደማይጠፋበት ይናገራል።

አሁን ወደ ጥቅሙ ልምጣ። በወንዶቹ ማኅበር ጠላውን የምትጠምቀው፣ ዳቦውን የምትጋግረው ሚስት ናት። ምርቃቱ ግን ለባለ ጽዋው ለባልየው ነው። በሴቶቹ ማኅበር ድካሙም ምርቃቱም የራሷ ነው። ቤቷን የከፈተችው በስሟ ነው። በሌላው ቀን «የእገሌ ሚስት»፣ «የእገሌ እናት» የምትባል ሴት እዚህ በክርስትና ስሟ ትጠራለች። እኔ ለዚህ ትልቅ ዋጋ እሰጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ሌላውን ስታስተናግድ ለምትውል ሴት፣ እሷን ብሎ የሚመጣ ሰው በወር አንድ ቀን እንኳ ሲኖር ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው ዕርቁ ነው። ተጣልተው ከአንድ ጽዋ አይጠጣም። ሁለት ማኅበርተኞች ከተኳረፉ ሙሴዋና ትልልቆቹ ሴቶች ጣልቃ ይገባሉ። ካህኑም ይመክራል። ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ወይም ወደ ዘመድ ሽምግልና ሳይደርስ እዚያው ቡና ላይ ያልቃል። ከባሏ ጋር የከፋት ሴትም መጀመሪያ የምትናገረው እዚሁ ነው፤ ማኅበርተኛ ሚስጥር ትጠብቃለች ተብሎ ይታመናል።

አራስ ቤትን ሳላነሳ አላልፍም። በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት ወንድ የወለደች እናት 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን እስኪሞላትና ልጇ ክርስትና እስኪነሳ ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም። ያን ጊዜ ማኅበርተኞቿ ወደ እሷ ይመጣሉ። ገንፎ ይገነፋሉ፤ ልጁን ይይዙላታል፤ እሷ ትንሽ ትተኛለች። ተራዋ በዚያ ወር ከዋለ ሌላዋ ትወስድላታለች። በሐዘንም እንደዚሁ ነው። ዕድሩ ድንኳን ሲተክል ማኅበርተኞቹ ከእሷ ጎን ተቀምጠው ያድራሉ። ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላም ተመልሰው የሚጠይቋት እነሱ ናቸው።

አባልነቱ ከእናት ወደ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል። እናት ስታልፍ ልጅ በእሷ ቦታ ትገባለች። ስለዚህ በአንድ ማኅበር ውስጥ አያት የምትሆን ሴትና ገና ያገባች ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ወጣቷ ጠላ አጠማመቁን፣ አራስ አያያዙን፣ ሽምግልናውን የምትለምደው እያየች ነው።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተመሳሳይ ቦታ የያዘው የእህቶች ኅብረት ነው። ጠላ የለም፤ ጽዋም የለም። ጸሎት፣ መዝሙርና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አለ። መዋጮ ተሰብስቦ የታመመ ይጠየቃል፤ የተቸገረ ይረዳል። ሴቶች ተራ ገብተው ይመራሉ፤ ቃል ያካፍላሉ። ሰው ፊት ቆሞ መናገርን እዚያ የለመዱ ብዙ ናቸው።

ማኅበር ችግር የለውም ማለት አይደለም። ትልቁ ፉክክር ነው። አንዷ ዳቦና ጠላ ብቻ ታቀርባለች፤ ቀጣይዋ ዶሮ ትጨምራለች፤ ሦስተኛዋ በግ ታሳርዳለች። አቅም የሌላት ተራዋ ሲደርስ ትጨነቃለች፤ አንዳንዷም ተበድራ ታወጣለች ወይም በዚያው ትቀራለች። ይሄ የማኅበሩን ሐሳብ ይገድለዋል። ካህናትም አጥብቀው ይገሥጹታል። ብልህ ማኅበሮች ከዳቦ፣ ከንፍሮና ከጠላ በላይ እንዳይቀርብ ደንብ አውጥተዋል። የተረፈውን ገንዘብ ለነዳያን ወይም ጧፍና ዕጣን ለቸገራቸው የገጠር አብያተ ክርስቲያናት የሚልኩም አሉ። እኔ ብጠየቅ ድምፄ ለእነሱ ነው።

የከተማ ኑሮም ሥርዓቱን እየቀየረው ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጋን የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ስለዚህ ጠላው ከሚጠምቁ ሴቶች ይገዛል፤ አንዳንዴም በለስላሳ ይተካል። የቀጠሮ ማስታወሻው በቴሌግራም ይመጣል።

ውጭ አገር ደግሞ ቀኑ ራሱ ይገፋል። በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር ሴት 21 ማክሰኞ ቢውል ከሥራ መቅረት አትችልም። ማኅበሩ ወደ ቅዳሜ ወይም ወደ እሁድ ይሄዳል። በዓረብ አገር በሰው ቤት ለሚሠሩት ደግሞ የአሠሪያቸው ፈቃድ ይወስናል፤ ቀን ሲያገኙ ይሰበሰባሉ። አገር ቤት ያለችውን እናቷን የማትረሳም አለች። የእናቷ ተራ ሲደርስ የዳቦውንና የጠላውን ገንዘብ ትልካለች። እናት ደክሟት መሄድ ካቃታት ማኅበርተኞቹ ቤቷ መጥተው ያወጡላታል። በሌላው ወርም ከተባረከው ዳቦ ድርሻዋን በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ያደርሱላታል።