ስለ መካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ገበሬ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ከላይ ንጉሥ፣ ከሥሩ መሳፍንት፣ ከታች ደግሞ አፍ የሌለው ጭቃ ለባሽ ገበሬ ነው። እኔም በትምህርት ቤት የተማርኩት ይህንኑ ነው። ብዙ መዝገብ የተረፈላትን እንግሊዝን ይዘን ስንፈትሸው ግን አይጸናም። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ገበሬው ሁሉ ባሪያ ነበር»

የእንግሊዝ ንጉሥ የነበረው ድል አድራጊው ዊልያም በ1086 ባስደረገው የመሬትና የሀብት ቆጠራ ባሮች ለብቻቸው ተመዝግበዋል፤ ከተቆጠሩት ሰዎች አንድ አሥረኛ ገደማ ነበሩ። የሚበዙት «ቪሊን» የሚባሉት ገባሮች ናቸው። ቪሊን ቤትና ማሳ አለው። በምትኩ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የጌታውን ሁዳድ ያርሳል፣ ሴት ልጁን ሲድር ይከፍላል፣ ሲሞትም ከከብቶቹ ምርጡ ለጌታው ይሄዳል። ያለ ፈቃድም መንደሩን ለቆ መሄድ አይችልም። ከሰሜን ኢትዮጵያ ባለርስት ገበሬ ጋር ማመሳሰልም ያሳስታል፤ የእኛው ባለርስት መሬቱን ከአባቶቹ ሲወርስ ባለጉልቱ ግብር ይሰበስብ ነበር፤ የቪሊኑ ማሳ ግን በሕግ ዓይን የጌታው ነው።

«ጌታው ከሙሽራይቱ ጋር የመጀመሪያውን ሌሊት የማደር መብት ነበረው»

እንዲህ ያለ መብት የሰጠ ሕግ በእንግሊዝ አልተገኘም። በመዝገብ ያለው ከላይ ያነሳነው የጋብቻ ክፍያ ነው።

«በሠላሳ ዓመቱ ሽማግሌ ይሆን ነበር»

አማካይ ዕድሜውን ያወረደው የሕፃናት ሞት ነው። ሃያን የተሻገረ ሰው ሃምሳና ስድሳ መድረሱ እንግዳ ነገር አልነበረም።

«ሕግ አያውቅም፣ የታዘዘውን ሁሉ ይፈጽም ነበር»

በየጌታው ግዛት ችሎት የሚያስችለው ጌታው ቢሆንም፣ የመንደሩን ልማድ እየመሰከሩ ነገሩን የሚያጣሩት ራሳቸው ገበሬዎቹ ነበሩ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሴንት አልባንስ የተባለችው የእንግሊዝ ከተማ የወፍጮ ነገር ነው። በከተማዋ ያለው ገዳም የመሬቱ ጌታ ስለነበር፣ የከተማው ሰው እህሉን በገዳሙ ወፍጮ እየከፈለ እንዲያስፈጭ ይገደድ ነበር። ሰው ግን በየቤቱ በእጅ ወፍጮ መፍጨቱን አልተወም። አበምኔቱ ሪቻርድ ኦቭ ዋሊንግፎርድ፣ የሰማይ አካላትን ጉዞ የሚያሳይ ሰዓት የነደፈ ሊቅ ነው፣ በ1330ዎቹ መጀመሪያ ወፍጮዎቹን ቀምቶ ድንጋዮቹን በገዳሙ ክፍል ወለል ላይ አስነጠፋቸው።

ሰዉ ለሃምሳ ዓመት ያህል ቂሙን አልረሳም። በ1381 የገበሬዎች አመፅ ሲነሳ ገዳሙ ገብተው ወለሉን ነቀሉ፤ ድንጋዩንም ሰባብረው እንደ ጸበል ጸዲቅ ተካፈሉት። ቀጥለው የጠየቁት ደግሞ ወረቀት ነው፦ ጥንት ንጉሥ ኦፋ ለአባቶቻችን ሰጥቶናል፣ በወርቅና በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል የሚሉትን የመብት ሰነድ። ሰነዱ አልተገኘም፤ እነሱ ግን አለ ብለው ድርቅ አሉ።

«እስከ መጨረሻው ምንም አልተለወጠም»

በ1348 እና 1349 ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ ከሕዝቡ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ፈጀ። የሠራተኛ እጅ ብርቅ ሲሆን የተረፈው ደመወዝ ጨምሩ አለ፤ ፓርላማው በ1351 ክፍያው ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው እንዳያልፍ ቢደነግግም ባለመሬቶቹ ራሳቸው ሠራተኛ ለመሻማት በስውር ይጨምሩ ነበር። በ1381 ወጣቱ ንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ ለአመፀኞቹ የነፃነት ደብዳቤ ሰጠና ብዙ ሳይቆይ ሻረው። ከዚያ በኋላም ቪሊንነትን ያስቀረ አዋጅ ወጥቶ አያውቅም፤ በ1500 ገደማ ግን በእንግሊዝ ቪሊን የሚባል ሰው ማግኘት ብርቅ ሆኖ ነበር።