«ረን»፦ ከሩጫ እስከ ባንክ በር

«ረን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «መሮጥ» ብለን ነው የተማርነው። ልክ ነው። ግን ከቃሉ ሥራ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚነካው። በታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ውስጥ ለግሱ ብቻ 645 ፍቺ ተመዝግቦለታል። ይህን ያዘጋጁት አርታኢ ፒተር ጊሊቨር ይባላሉ። ለዚህ አንድ ግስ ከዘጠኝ ወር በላይ ደክመዋል።

ቃሉ ጥንታዊ ነው። ዘሩ ከጀርመንኛ ጋር ይገናኛል፤ ዛሬም በጀርመንኛ «ሪነን» ማለት መፍሰስ ነው። ስለዚህ ፍሰት ከሩጫው ጎን ከጥንት ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ለኔ ይህ ነገር የብዙውን ፍቺ ቋጠሮ ይፈታል። ቧንቧ ሲከፈት ውኃው «ረን» ያደርጋል። ጉንፋን የያዘው ልጅ አፍንጫም እንዲሁ። ቀይ ቲሸርት ከነጭ ልብስ ጋር ታጥቦ ቀለሙ ሲለቅም የሚባለው ያው ነው። እኛ «ፈሰሰ»፣ «ለቀቀ» እያልን የምንለየውን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በአንድ ቃል ይጨርሱታል።

በስምነቱ ደግሞ ትንሽ ወንዝ ማለት ይሆናል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ ይህን በየመንገዱ ምልክት ላይ ታገኙታላችሁ። አርሊንግተንን ከአሌክሳንድሪያ የሚያዋስነው ፎር ማይል ረን ወንዝ ነው። ሆምስ ረንም ወንዝ ነው። የሩጫ ውድድር መስሎት የሚያልፍ ሰው አይፈረድበትም። ከሁሉ ስመ ጥሩ ግን ምናሳስ ከተማ አጠገብ ያለው ቡል ረን ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የመጀመሪያው ትልቅ ውጊያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1861 የተካሄደው እዚያ ነው። ሰሜኖቹ ውጊያውን በወንዙ ስም ጠሩት። ደቡቦቹ ግን በከተማው ስም «ምናሳስ» አሉት።

ቃሉን በጣም ያሰፋው የማሽን ዘመን ነው። ባቡር፣ የፋብሪካ ማሽን፣ የመኪና ሞተር ሁሉ «ረን» ያደርጋሉ፤ በኛ «ይሠራሉ»። ከዚያ ኮምፒውተር መጣና ፕሮግራም ማስኬድም በዚሁ ቃል ተጠራ። ሱቅ ወይም ድርጅት ማስተዳደርም እንዲሁ ይባላል። አሜሪካኖች ለምርጫ የሚወዳደረውን ሰው በዚሁ ቃል ይጠሩታል። እንግሊዞች በዚህ ላይ አይስማሙም፤ ለነሱ ተወዳዳሪው የሚቆም ነው እንጂ የሚሮጥ አይደለም።

ለተማሪ ከባዱ ነገር ግን ከኋላው የሚለጠፉት ትንንሽ ቃላት ናቸው። «ረን አውት» ሲሆን አለቀ ማለት ነው፤ ቤት ውስጥ ወተት ወይም ስኳር ሲያልቅ ይባላል። «ረን ኢንቱ» ከሰው ጋር ሳያስቡት መገናኘት ነው። «ረን ኦቨር» ደግሞ በመኪና መግጨት፣ በላዩ ላይ መሄድ ነው። ትናንት ገበያ ላይ ጓደኛዬን አገኘኋት ለማለት ፈልጎ «ኦቨር» ያለ ሰው፣ ሰሚውን ክው ያደርገዋል። ስለዚህ ቃሉን ብቻውን መሸምደድ ብዙ አያዋጣም። ከነጭራው፣ ከነሙሉ ዓረፍተ ነገሩ መያዝ ነው የሚሻለው።

በገንዘብ ዓለም ቃሉ ያስፈራል። አስቀማጮች ባንኩ ሊወድቅ ነው ብለው ሁሉም በአንዴ ገንዘባቸውን ሊያወጡ ሲጎርፉ «ባንክ ረን» ይባላል። የትኛውም ባንክ የተቀበለውን ገንዘብ በሙሉ ካዝናው ውስጥ አያስቀምጥም፤ ያበድረዋል። ሁሉም በአንድ ቀን ከመጣ ጤነኛ የነበረውም ሊወድቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1933 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ይህን ለማስቆም የአገሪቱን ባንኮች በሙሉ ለጊዜው ዘግተዋል። ያኔ ሰው በባንክ በር ላይ ይሰለፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 በአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ላይ የደረሰው ግን ብዙ ሰልፍ አላስፈለገውም። በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር እንዲወጣ የተጠየቀው በአብዛኛው በስልክና በኮምፒውተር ነው። ባንኩ በማግስቱ ተዘጋ።

እግር የሚያነሳው ሩጫ እንግዲህ ከብዙዎቹ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም በእንግሊዝኛ ስሙ ላይ ይህንኑ ቃል ይዟል። በቤዝቦልና በክሪኬት ደግሞ «ረን» የነጥብ መቁጠሪያ ነው። በክሪኬት የተመታችው ኳስ መሬት ሳትነካ ከሜዳው ወሰን ካለፈች፣ ማንም አንድ እርምጃ ሳይሮጥ ስድስት ረን ይመዘገባል።