ለጌም ሞኒተር ስንመርጥ የሚያሳስቱን ነገሮች

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ሞኒተር «አልተስማማኝም» ተብሎ በቀላሉ አይመለስም። ስለዚህ ሳይታዘዝ በፊት እነዚህን ነገሮች ማጥራት ይሻላል።

«ፒክስሉ በበዛ ቁጥር ጌሙ ይሻላል።»

ፒክስል ምስሉ የሚሠራበት ጥቃቅን ነጥብ ነው፤ ሲበዛ ምስሉ ይጠራል፣ ልክ ነው። ግን ግራፊክስ ካርዱ (የጌሙን ምስል የሚሠራው የኮምፒውተሩ ክፍል) እያንዳንዱን ፍሬም፣ ማለትም እየተከታተለ የሚመጣውን እያንዳንዱን ምስል፣ በዚያው መጠን መሥራት አለበት። 1920 በ1080 ስክሪን 2.1 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል አለው፤ 2560 በ1440 ደግሞ 3.7 ሚሊዮን። 4ኬ የሚባለው 3840 በ2160 ወደ 8.3 ሚሊዮን ይጠጋል፤ የመጀመሪያው አራት እጥፍ ማለት ነው። በ1080 ከባድ ጌም ያለችግር የሚያጫውት መካከለኛ ካርድ በ4ኬ ይንቀራፈፋል። መጀመሪያ ካርዳችሁን እዩ፣ ከዚያ ስክሪን ምረጡ። ለመካከለኛ ካርድ 27 ኢንች ባለ1440 በእኔ እምነት የተሻለው ምርጫ ነው። እዚያው 27 ኢንች ላይ 1080 ሲሆን ግን ፒክስሎቹ ይሳሳሉ፤ ፊደሉ ሻካራ ይሆናል። 1080 የሚያምረው እስከ 24 ኢንች ድረስ ነው።

«ካርዱ ካቃተው ሪዞሉሽኑን (የፒክስሉን ብዛት) ዝቅ አደርገዋለሁ።»

ባለ1440 ስክሪን ላይ 1080 ስትከፍቱ ቁጥሩ እኩል ስለማይካፈል ምስሉ ይደበዝዛል። ጌሙ ዲኤልኤስኤስ ወይም ኤፍኤስአር (ምስሉን በትንሽ ፒክስል ሠርተው የሚያሳድጉ ዘዴዎች) ካለው ሪዞሉሽኑን ሳትነኩ እሱን አብሩ፤ ካርዱ ይቀለዋል፣ ጽሑፉና ካርታው ግን ጥርት እንዳሉ ይቆያሉ።

«4 ለ3 ተለጥጦ ሲጫወቱት ጠላትን መምታት ይቀላል።»

4 ለ3 የምስሉ ወርድ ከቁመቱ ጋር ያለው ንጽጽር ነው፤ የዛሬው ስክሪን በብዛት ሰፋ ያለው 16 ለ9 ነው። ይህ የካውንተር ስትራይክ (የተኩስ ጌም) ተጫዋቾች ክርክር ነው፤ ብዙ ፕሮፌሽናሎች 1280 በ960 በ16 ለ9 ስክሪን ላይ ለጥጠው ስለሚጫወቱ ምስጢር ያለው ይመስላል። እውነት ነው፣ የጠላት አካል በሲሶ ያህል ይሰፋል። ነገር ግን ወደ ጎን ሲሮጥ ስክሪኑን የሚያቋርጥበት ፍጥነትም በዚያው ልክ ይጨምራል። ከዚያ በላይ የሚጎዳው የጎን እይታው ነው፦ በ16 ለ9 106 ዲግሪ ገደማ የነበረው ወደ 90 ይወርዳል። ጥግ ይዞ የቆመ ተጫዋች እናንተን እያየ እናንተ የማታዩት ጊዜ አለ። ብዙዎቹ ፕሮፌሽናሎች በዚህ የቀጠሉት ከድሮው ባለ4 ለ3 ስክሪን ጀምሮ እጃቸው ስለለመደው ነው፤ ፒክስሉ በማነሱም ካርዱ በሰከንድ የሚሠራው ፍሬም ይጨምራል። አዲስ ለሚጀምር ሰው ግን 16 ለ9ን እመክራለሁ።

«አልትራዋይድ (ጎኑ በጣም የሰፋ ስክሪን) ሁልጊዜ ብዙ ያሳያል።»

34 ኢንች 3440 በ1440 ስክሪን ቁመቱ ከተለመደው 27 ኢንች ጋር እኩል ሊባል ይችላል፤ የሚጨመረው ጎኑ ነው። ጎኑ የሚሞላው ደግሞ ጌሙ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ኤልደን ሪንግ የሚባለው ጌም ለምሳሌ ግራና ቀኙን በጥቁር ይሸፍነዋል። የመኪና ውድድርና የበረራ ጌም ለሚያዘወትር ግን ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም።

«144 ኸርዝ ከገዛሁ አበቃ።»

ኸርዝ ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስሉን እንደሚያድስ የሚናገር ቁጥር ነው። ዊንዶውስ አዲሱን ሞኒተር ብዙ ጊዜ በ60 ነው የሚያስነሳው። ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብታችሁ ቁጥሩን ራሳችሁ ቀይሩት። 144 ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ገመዱን ተጠራጠሩ፤ አሮጌ የኤችዲኤምአይ ገመድ ከሆነ በዲስፕሌይፖርት ተኩት።