ማግኔት ትምህርት ቤት ምንድን ነው? አንዱ ከሌላው ጋርስ እንዴት ይነጻጸራል?

ማግኔት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ ክፍያ የለውም። ከተለመደው የሚለየው ሒሳብና ሳይንስ፣ ኪነ ጥበብ ወይም ቋንቋ ላይ ጠበቅ አድርጎ ማስተማሩ ነው። ልጁ ሰፈሩ ባይሆንም ሊገባበት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው በ1970ዎቹ ነው። ያኔ የተፈለገው ነጭና ጥቁር ተማሪዎችን ያለ ግዴታ፣ በራሳቸው ፍላጎት አንድ ክፍል ውስጥ ማገናኘት ነበር።

ብዙ ሐበሻ የሚኖርባትን ሜሪላንድን እንይ። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ታኮማ ፓርክ ሚድል ስኩል (ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል) በሒሳብ፣ ሳይንስና ኮምፒውተር ይታወቃል። ኢስተርን ሚድል ስኩል ደግሞ በንባብ፣ በጽሑፍና በሚዲያ። ሁለቱም ግን ሙሉ በሙሉ ማግኔት አይደሉም። የሰፈሩ ልጆችም እዚያው ይማራሉ።

ትምህርት ቤቶቹን ማነጻጸር የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። ስቴቱ ለትምህርት ቤቶች ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል። ኮከቡ የግቢውን ልጆች ሁሉ ይመለከታል እንጂ ማግኔቱን ለይቶ አያሳይም። ተመርጠው የገቡ ልጆች ብቻ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከሆነም ሌላ ጥያቄ አለ። ውጤቱ ያማረው አስተማሪዎቹ ጎበዝ ስለሆኑ ነው ወይስ ልጆቹ ሲገቡም ጎበዞች ስለነበሩ? በእኔ እምነት ከኮከቡ ይልቅ ልጆቹ ከዓመት ዓመት ምን ያህል እንደተሻሻሉ የሚያሳየው ክፍል ይጠቅማል። የስቴቱ ሪፖርት እሱንም ይዟል።

አገባቡም ይለያያል። ለታኮማ ፓርክና ለኢስተርን የ5ኛ ክፍል ልጆች ውጤት ይታያል፤ መስፈርቱን ያለፉት ዕጣ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ዕጣው ያልወጣለት ልጅ ሰነፍ ነው ማለት አይደለም። (ይህን ለልጁ ደጋግማችሁ ንገሩት።) እዚያው ካውንቲ ያሉት ፓርክላንድና ሎይደርማን የተባሉ ሚድል ስኩሎች ግን መግቢያ ፈተና የላቸውም። ፓርክላንድ የበረራና የጠፈር ሳይንስ፣ ሎይደርማን የኪነ ጥበብ ነው። በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ያሉት፣ ትምህርቱን በፈረንሳይኛ የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል ያስተምራሉ። በ6ኛ ክፍል ልግባ ለሚል፣ ቋንቋውን ለማያውቅ ልጅ ከባድ ነው።

የስቴቱን ማግኔቶች በሙሉ ደረጃ የሚያወጣ ሰንጠረዥ ለወላጅ ብዙም አይፈይድም። ቦታው በመሠረቱ ለካውንቲው ነዋሪ ነውና ምርጫችሁ ከምትኖሩበት ካውንቲ አይዘልም። እዚያው ካሉት ሁለት ሦስቱን ስታነጻጽሩ አውቶቡሱ ልጁን የትና ስንት ሰዓት እንደሚያነሳው ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ከቤት ራቅ ካለ የጋራ ፌርማታ ነው። በጠዋት ሥራ የሚገባ ወላጅ ከዚህ የበለጠ ጥያቄ የለውም።