«ፎርስ ዊዝ ሊዝ» ከምን ያድናል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከቤታቸው ሆነው የሚሠሩ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ፕሮግራመር አንድ የጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዝ ፕሮግራም) ቅርንጫፍ ይጋራሉ እንበል። ሴቷ ሪቤዝ አደረገች፤ ማለትም የኮሚቶቿን (የተመዘገቡ ለውጦቿን) ታሪክ እንደገና ጻፈች። ታሪኩ ስለተቀየረ ተራ ፑሽ (ሥራን ወደ ሰርቨር መላክ) እምቢ አላት። በ«ፎርስ» (--force፣ በግድ መላኪያ) ከላከችው ሰርቨሩ ላይ ያለውን ሳያይ በእሷ ይተካዋል። ልጁ ማታ የላከው ኮሚት ከቅርንጫፉ ወጣ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ከጊት 1.8.5 ጋር የመጣው «ፎርስ ዊዝ ሊዝ» (--force-with-lease) የተባለው የፑሽ አማራጭ ግን መጀመሪያ ያጣራል። ሰርቨሩ ላይ ያለው የእሷ ኮምፒውተር መጨረሻ ካየው ከተለየ «ስቴል ኢንፎ» (መረጃው አርጅቷል) ብሎ ይመልሳታል።

ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ያየው ኮምፒውተሩ እንጂ እሷ አይደለችም። አንዳንድ ኤዲተሮች ከጀርባ ራሳቸው ፌች ያደርጋሉ፤ ሰርቨሩ ላይ ያለውን አዲስ ነገር ያወርዳሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኤዲተሩ የልጁን ኮሚት ካወረደው፣ እሷ ልብ ባትለውም ፑሹ ያልፋል። ለዚህ ነው በጊት 2.30 «ፎርስ ኢፍ ኢንክሉድስ» (--force-if-includes) የተጨመረው። የወረደው ሥራ እሷ ቅርንጫፍ ውስጥ መግባቱን ከሪፍሎግ (ቅርንጫፉ የት የት እንደነበር ከሚይዘው መዝገብ) ያያል። ብቻውን ግን ምንም አይሠራም፤ ከሊዙ ጋር ነው የሚጻፈው።

ለቡድናችሁ መመሪያ ስትጽፉ «ፎርስ ክልክል ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ማንም አይሰማችሁም። ሁለቱን አማራጮች አብራችሁ ጻፉ። ሜይን (ዋናው ቅርንጫፍ) ላይ ግን ፎርስን ከሰርቨሩ ጭራሽ ዝጉት።