የድራይቭ ኦቨርቮልቴጅ ምንድን ነው? ለምንስ ሲቆም ብቻ ይመጣል?

ሞተሩ ቀኑን ሙሉ በሰላም ሲዞር ይውላል። ልክ "አቁመው" ሲባል ድራይቩ (የሞተሩን ፍጥነት በፍሪኩዌንሲ የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ትሪፕ ያደርጋል፣ ማለትም ራሱን ይዘጋል፣ ስክሪኑ ላይም ኦቨርቮልቴጅ (ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ) ይላል። ሪሴት ታደርጋላችሁ፣ ይነሳል፣ ይሠራል። ልታቆሙት ስትሉ ያው ነው። አብዛኛው ሰው "ዛሬ መብራቱ ከፍ ብሏል" ይልና ይተወዋል። አንዳንዴ ልክ ነው። ችግሩ ማቆም ላይ ብቻ ከሆነ ግን ትርፉን ቮልቴጅ የሚያመጣው ራሱ ሞተሩ ነው።

እንዴት? ድራይቩ ከመስመር የሚገባውን ኤሲ በዳዮዶች ወደ ዲሲ ይቀይርና ካፓሲተሮች ላይ ያጠራቅመዋል። ይህ ዲሲ ባስ የሚባለው ነው። መስመሩ 400 ቮልት ከሆነ ባሱ ላይ እስከ 565 ቮልት ድረስ ታገኛላችሁ፤ 400ን በ1.41 ማባዛት ነው። ብዙዎቹ የዚህ ክፍል ድራይቮች 800 ቮልት አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ይዘጋሉ፤ ትክክለኛው ቁጥር ማኑዋሉ ላይ አለ።

አሁን ማቆሙን እንይ። ድራይቩ ፍሪኩዌንሲውን ሲቀንስ የሞተሩ መግነጢሳዊ መስክ ዝግ ይላል። ሮተሩ (የሞተሩ ተሽከርካሪ ክፍል) ግን ከባድ ፋን ተሸክሞ በለመደው ፍጥነት መሄድ ይፈልጋል። ሮተሩ መስኩን በቀደመባት ቅጽበት ሞተሩ ጄኔሬተር ሆነ ማለት ነው፤ ኃይሉ ወደ ኋላ ወደ ባሱ ይፈሳል፣ መግቢያ ላይ ያሉት ዳዮዶች ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱ በሮች ስለሆኑ ወደ መስመሩ ተመልሶ መውጣት አይችልም፣ ካፓሲተሩ ላይ እየተቆለለ ቮልቴጁን ይሰቅለዋል።

ምን ያህል ይቆለላል? ኢነርሺያው (ፍጥነቱን ላለመቀየር ያለው እምቢታ) 20 ኪሎ ግራም ሜትር ካሬ የሆነ ፋን በደቂቃ 1480 ዙር ሲዞር 240,000 ጁል ገደማ ይዟል። 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርን ከ565 ወደ 800 ቮልት ለማድረስ ግን 160 ጁል ብቻ ይበቃል። እና ሰው ይህንን ፋን በ10 ሰከንድ ቁም ይለዋል! ሞተሩ ራሱና አየሩ የተወሰነውን ይበሉለታል፤ ግን የፋን አየር የሚበላው ኃይል ፍጥነቱ በግማሽ ሲወርድ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ለዚህ ነው ፋን ብዙ ጊዜ ማቆም ሲጀምር ሳይሆን መሃል ላይ ሲደርስ ትሪፕ የሚያደርገው።

ስለዚህ ሪሴት ከመንካታችሁ በፊት የፎልት ታሪኩን (ድራይቩ የመዘገባቸውን ብልሽቶች) ክፈቱ። ትሪፕ ሲያደርግ ፍሪኩዌንሲው ስንት ነበር? ዲሲውስ? ሞተሩ ቆሞ እያለ ወይም በቋሚ ፍጥነት እየሄደ ከሆነ ፊታችሁን ወደ መስመሩ አዙሩ፦ ከፍ ያለ ቮልቴጅ፣ ወይም መስመሩ ላይ ያሉ የፓወር ፋክተር ማስተካከያ ካፓሲተሮች ሲገቡና ሲወጡ የሚፈጥሩት ዝላይ። የድራይቩ መግቢያ ላይ ሪአክተር (የሽቦ ጥቅል) ማስገባት ለዝላዩ ይረዳል። እየቆመ ሳለ ከሆነ ግን መጀመሪያ የማቆሚያውን ጊዜ አርዝሙ። ነፃ ነው፣ አንድ ፓራሜትር ብቻ ነው። መቸኮል ከሌለ ድራይቩ እንዲለቀውና ፋኑ በራሱ ጊዜ እንዲቆም ማድረግም ይቻላል።

ቶሎ መቆም ግዴታ የሆነበት ማሽን የብሬክ ሬዚስተር ይፈልጋል። ትርፉን ኃይል ወደ ሙቀት ቀይሮ ይጥለዋል። ኦሙ ማኑዋሉ ከሚፈቅደው ካነሰ የብሬኩን ትራንዚስተር ያቃጥለዋል፣ ስለዚህ ያገኙትን መግጠም አይሆንም። ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ፦ ብዙ ድራይቮች ባሱ ከፍ ሲል ማቆሙን ራሳቸው የሚያዘገዩበት ኦቨርቮልቴጅ ኮንትሮል አላቸው። ሬዚስተር ካስገባችሁ ይህን ማጥፋት አለባችሁ፣ አለዚያ ሬዚስተሩ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል።

እኔ ራሴ በዚህ ነገር ግማሽ ፈረቃ ጨርሻለሁ። ሬዚስተር ያለው ማሽን ነበር፣ ስለዚህ እሱን አልጠረጠርኩም። ጊዜውን አረዘምኩ፣ ፓራሜትሮቹን አገላበጥኩ፣ የድራይቩን ኤሌክትሮኒክ ካርድ እንቀይር እስከማለት ደረስን። በመጨረሻ መብራት አጥፍቼ፣ ማኑዋሉ ያዘዘውን ደቂቃ ጠብቄ፣ ባሱ ላይ ዲሲ አለመቅረቱን ለክቼ (ካፓሲተሩ መብራት ጠፍቶም ይገድላል፣ ይህን አትዝለሉት) የሬዚስተሩን ሽቦዎች ከድራይቩ ነቅዬ ቴስተር ጣል አደረግኩ። ምንም አያነብም። ክዳኑን ስከፍት ተርሚናሉ ላይ ያለችው ብሎን ላልታ ሽቦው ጠቁሯል። ቆርጬ፣ አዲስ ጫፍ አስሬ፣ አጠበቅኩት። አዲሱ ካርድ ወደ ካርቶኑ ተመለሰ።