ትሪያጅ ምንድን ነው? ቀድሞ የመጣ ለምን ቀድሞ አይታይም?

ጥቁር አንበሳም ይሁን ዘውዲቱ ወይም የካቲት 12፣ መሃል አዲስ አበባ ያለ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አንድ አቤቱታ አይጠፋም፦ «እኛ ቀድመን ነው የመጣነው እኮ!» እውነታቸውን ነው፣ ቀድመው መጥተዋል። ድንገተኛ ክፍል ግን እንደ ባንክ በወረፋ አይሠራም። ማን ቀድሞ ሐኪም ፊት እንደሚቀርብ የሚወሰነው በትሪያጅ ነው። በሽተኛው በር ላይ እንደደረሰ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይታያል፣ ይለካል፣ ምን ያህል መጠበቅ እንደሚችልም ይለያል።

ብዙ አስታማሚ ነርሷ በዓይኗ ገምታ፣ ሲከፋም በትውውቅ የምታሳልፍ ይመስለዋል። አሠራሩ ግን ቁጥር አለው። በአፍሪካ በሰፊው የሚታወቀው፣ ከኬፕታውን ተነስቶ የደቡብ አፍሪካ መለኪያ የተባለው፣ ሰባት ነገር ይጠይቃል፦ ሰውየው ይራመዳል ወይ፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይተነፍሳል፣ የልብ ምቱ ስንት ነው፣ የላይኛው የደም ግፊቱስ፣ ሙቀቱስ፣ ንቃቱ እንዴት ነው፣ አደጋ ደርሶበታል ወይስ ሕመም ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀይ ነው፣ ወዲያውኑ ይገባል። 5 እና 6 ብርቱካናማ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ። 3 እና 4 ቢጫ፣ በ1 ሰዓት ውስጥ። ከዚያ በታች አረንጓዴ ነው፣ እስከ 4 ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል።

እንበል፣ ፒያሳ ግንባታ ላይ ቆርቆሮ የፈነከተው ወጣት በራይድ መጣ። ሸሚዙ በደም ርሷል፣ ጓደኞቹ ይጮኻሉ። ከኋላው ደግሞ አንዲት እናት ከተክለ ሃይማኖት በልጃቸው ተደግፈው ደረሱ። «ምንም አይደል፣ ትንሽ ደከመኝ» ነው የሚሉት።

ወጣቱ በእግሩ ይሄዳል፣ 0። ትንፋሹ 18፣ 1 ነጥብ። ልቡ 98 ይመታል፣ 0። ግፊቱም ሙቀቱም ደህና ነው፣ የተጠየቀውን አጥርቶ ይመልሳል። አደጋ ስለሆነ 1 ይጨመርለታል። ድምሩ 2 ነው። በነጥብ ብቻ አረንጓዴ ይሆን ነበር፤ ከነጥቡ ጎን የምልክቶች ዝርዝር ስላለ፣ በጨርቅ ተጭኖ የቆመ የደም መፍሰስ ወደ ቢጫ ያወጣዋል። እናትየው በድጋፍ ነው የሚራመዱት፣ 1። ትንፋሻቸው 24፣ 2። ልባቸው 114፣ 2። ግፊታቸው 98፣ 1። ድምሩ 6፣ ብርቱካናማ። «ደረቴን ጨምድዶ ይዞኛል» ቢሉ ደግሞ ነጥባቸው ዝቅ ያለ ቢሆንም ብርቱካናማ ናቸው።

«ሲስተር፣ ደም በደም ሆኖ እያየሽው እሳቸውን ታስገቢያለሽ?»

«ደሙ ቆሟል ወንድሜ፣ አንተ ጫን አድርገህ ያዝለት። እሳቸው መጠበቅ አይችሉም። እናቴ፣ ይምጡ በዚህ።»

ከሰባቱ ሁሉ በየሀገሩ የሚዘነጋው የትንፋሽ ቆጠራ ነው። የግፊቱንና የሙቀቱን መሣሪያው ያነባል፣ ትንፋሽን ግን ቆሞ የሚቆጥር ሰው ይፈልጋል። ጎበዟ ነርስ «ትንፋሽዎን ልቁጠር» አትልም፤ ሰው እየተቆጠረበት መሆኑን ሲያውቅ አተነፋፈሱ ይቀየራል። የእጁን አንጓ ይዛ የልብ ምት የምትቆጥር መስላ፣ ዓይኗን ደረቱ ላይ ታደርጋለች። በመዝገቡ ላይ የሁሉም በሽተኛ ትንፋሽ 20 ተብሎ ከተጻፈ ማንም አልቆጠረም ማለት ነው።

የጣት ላይ ኦክስጅን መለኪያውም ቢሆን እዚህ ከተማ አስተውሎ ማንበብን ይጠይቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች 93 ወይም 94 በመቶ በጤነኛ ሰው ላይም ሊታይ ይችላል። ቁጥሩ ብቻውን አያስደነግጥ፤ እያለከለከ የመጣ ሰው ላይ ሲታይ ግን ሌላ ነገር ነው።

ትሪያጅ በደንብ ሲሠራ የሚጀምረው ከሆስፒታሉ በር ቀድሞ፣ ስልክ ከተነሳበት ጊዜ ነው። አምቡላንስ ውስጥ ያለው ባለሙያ በሽተኛውን መዝኖ፣ የትኛው ሆስፒታል እንደሚስማማው ወስኖ፣ «እየመጣን ነው» ብሎ ቀድሞ ይደውላል። እኛ ዘንድ 907 ቀይ መስቀል፣ 939 እሳትና አደጋ አለ፤ ሆኖም ብዙው ሰው በታክሲ፣ በራይድ፣ በጎረቤት መኪና ነው የሚመጣው። ሹፌሩ ቅርብ ወደመሰለው ይነዳል፣ እዚያ ያ ሕክምና ከሌለ ሪፈር ይጻፋል፣ እንደገና ሜክሲኮ አደባባይን መዞር ነው። ለዚህ ነው በር ላይ የምትቆመው ነርስ ብዙ ጊዜ በሽተኛውን የምታየው የመጀመሪያዋ የጤና ባለሙያ የምትሆነው። ቦታው ላይ ልምድ ያለው ሰው መመደብ አለበት፤ አዲስ ተመራቂን ብቻውን እዚያ ማቆም ለእሱም ለበሽተኛውም ግፍ ነው።

ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጎዳ ደግሞ ስሌቱ ይገለበጣል። ሰኔ 16 ቀን 2010 መስቀል አደባባይ ላይ ቦምብ ሲፈነዳ ከመቶ በላይ ሰው ተጎድቶ ወደ ከተማዋ ሆስፒታሎች ጎርፏል። እንዲህ ባለ ቀን ሰባት ነገር ለመለካት ጊዜ የለም። መራመድ የሚችል ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ይላካል፣ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ ቀይ ነው፣ የአየር መንገዱ ተከፍቶለት እንኳ የማይተነፍስ ጥቁር ምልክት ይደረግበታል። በሌላ ቀን አሥር ሰው ይረባረብለት የነበረው በሽተኛ ያን ቀን ይታለፋል። በሙያው ከዚህ የከበደ ውሳኔ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ንዴቱ ልመለስ። በር ላይ ከሚነሳው ጠብ ብዙው የትሪያጅ ዕዳ አይደለም። ትሪያጅ የሚመልሰው «ማን ይቅደም?» የሚለውን ብቻ ነው። ብርቱካናማ የተባሉት እናት በ10 ደቂቃ ሐኪም አይቷቸው፣ መተኛት አለባቸው ተብሎ ሲወሰን «አልጋ የለም» ይመጣል። ላይዘን የሚባለው፣ አልጋና ሪፈር የሚያስተባብረው ክፍል ሌላ ሆስፒታል እየደወለ ያፈላልጋል፣ እሳቸው ኮሪደር ላይ ስትሬቸር ላይ ያድራሉ። ወደ ዋርድ (ወደ መኝታ ክፍል) መውጣት ያልቻሉት የድንገተኛ ክፍሉን አልጋ ሲይዙ፣ ዛሬ የመጣው ቢጫ ከ1 ሰዓት ብዙ ያልፋል። አስታማሚው ግን ፊት ለፊቱ የሚያገኘው ነርሷን ነውና ቁጣው እሷ ላይ ያርፋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ የባለሙያው ቁጥር እያደገ ነው፤ የተማረ ሰው ብቻውን ግን አልጋ አይሆንም።

አስታማሚ ሆነው ቢቀመጡ ማወቅ የሚገባዎ፣ የተሰጠው ቀለም እስከ ማታ የሚጸና አለመሆኑን ነው። ቢጫ የተባለ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀይ ሊሆን ይችላል፣ እንደገና መለካትም የሥራው አካል ነው። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ማላብ ከጀመረ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ተነስተው ነርሷን «ሲስተር፣ ቅድም እንዲህ አልነበረም፣ አሁን ግን...» ብለው የተለወጠውን ይንገሯት። «ቀድመን መጥተናል» ከማለት ይልቅ ይህ ቶሎ ያስነሳታል።